ራስ አበበ አረጋይ

ራስ አበበ አረጋይ (1895 – ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ አርበኛ፣ የጦር አዛዥ፣ የጠቅላይ ግዛት ገዥና ሚኒስትር ነበሩ። በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን (1928 – 1933 ዓ.ም.) በሰሜን ሸዋ ደጋዎች፣ በተለይም በመንዝ፣ በተጉለት፣ በቡልጋ፣ በሞረት፣ በጅሩና በመርሐ ቤቴ የተንቀሳቀሱትን አርበኞች መርተዋል። ከነጻነት በኋላ የሲዳሞና የትግራይ ገዥ፣ የጦር ሚኒስትር፣ የአገር ግዛት ሚኒስትር፣ የመከላከያ ሚኒስትር፣ በመጨረሻም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀ መንበር (ጠቅላይ ሚኒስትር) ሆነው አገልግለዋል። በ1953ቱ የታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ወቅት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር ተገድለዋል።

የራስ አበበ ሕይወት ሁለት ገጽታ አለው። አምስት ዓመት ሙሉ መንግሥት በሌለበት አገር በዱር በገደል የተዋጉ ሰው፣ ከነጻነት በኋላ የማዕከላዊውን መንግሥት ሥልጣን በየጠቅላይ ግዛቱ ከሚያስከብሩት ዋና ሰዎች አንዱ ሆነዋል። ስለ እርሳቸው የሚደረገው ክርክርም በአብዛኛው ከዚህ የሚነሳ ነው።

ትውልድና ቤተሰብ

አበበ አረጋይ የተወለዱት በ1895 ዓ.ም. ነው። አባታቸው አፈ ንጉሥ አረጋይ በቸሬ ሲሆኑ እናታቸው ወይዘሮ አስካለ ጎበና ናቸው። አፈ ንጉሥ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የሚፈርድ ከፍተኛ ዳኛ የሚይዘው ማዕረግ ነበር። በእናታቸው በኩል የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ናቸው። ራስ ጎበና የዳግማዊ ምኒልክ ታላቅ የጦር አበጋዝ የነበሩና የኦሮሞ ተወላጅ ሲሆኑ፣ የሸዋ መንግሥት ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በተስፋፋበት ዘመን ዋናውን ድርሻ የያዙ ናቸው። ስለዚህ አበበ ያደጉት ከጦርም ከፍርድም ጋር በተያያዘ የሸዋ መኳንንት ቤት ነበር።

ከወረራው በፊት

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያዎቹ የንግሥና ዓመታት አበበ አረጋይ የባላምባራስነት ማዕረግ ነበራቸው። ባላምባራስ ከመካከለኛዎቹ የወታደርና የአስተዳደር ማዕረጎች አንዱ ሲሆን ከራስነት በብዙ ደረጃ ዝቅ ይላል። ወረራው በተቃረበበት ጊዜ የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ ነበሩ። በዚያ ዘመን የከተማው ፖሊስ ገና በመደራጀት ላይ የነበረና ቁጥሩም ውስን የነበረ ኃይል ነው።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር በማይጨው ከተሸነፈ በኋላ የሰሜኑ ግንባር ፈረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ አመሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት ዋና ከተማዋ ያለ መንግሥት ቀረች፤ ዘረፋና ቃጠሎም ተነሣ። የኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን ከተማዋን ያዘ። ባላምባራስ አበበ እጃቸውን ለመስጠት አልፈቀዱም፤ ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር ከከተማ ወጥተው ወደ ሰሜን ሸዋ ገቡ።

የአዲስ አበባው ጥቃት

በ1928 ዓ.ም. ክረምት ጣሊያኖች አዲስ አበባንና ዋና ዋና መንገዶችን ቢይዙም በዙሪያዋ ያለው ገጠር በአብዛኛው አልተገዛላቸውም ነበር። በዚህ ጊዜ በሰላሌ የነበሩት የራስ ካሣ ኃይሉ ልጆች ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋ ወሰን ካሣ፣ እንዲሁም ሌሎች የሸዋ መሪዎች ከተማዋን በአንድ ጊዜ ከተለያየ አቅጣጫ ለማጥቃት ተስማሙ። አበበ አረጋይም ከእነዚህ መሪዎች አንዱ ነበሩ።

ጥቃቱ የተካሄደው ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አንዳንዶቹ ቡድኖች እስከ ከተማዋ ውስጥ ዘልቀው ቢገቡም ጥቃቱ አልተሳካም። ክረምት በመሆኑ ወንዞች ሞልተው ነበር፤ ቡድኖቹን የሚያገናኝ ስልክም ሆነ ሬዲዮ ስላልነበረ ሁሉም በየሰዓቱ ደርሶ በየተራው ተመለሰ። ጣሊያኖች ግን መትረየስና አውሮፕላን ነበራቸው። በማግስቱ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ አደባባይ በጥይት ተገደሉ። ደጃዝማች አበራና ወንድማቸው ምሕረት እንደሚደረግላቸው ተነግሯቸው ቢገቡም ታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፍቼ ተገደሉ።

ይህ ሽንፈት ለአበበ አረጋይና ለቀሩት መሪዎች ሁለት ትምህርት ትቷል። አንደኛው፣ ከተማን በግልጽ ጦርነት ማጥቃት ከአቅማቸው በላይ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የጣሊያንን የምሕረት ቃል አምኖ መግባት ሞት ሊያስከትል መቻሉ ነው። ከዚህ በኋላ የሸዋ አርበኞች ጦርነት መልኩን ለውጦ አነስተኛ ቡድኖች አድፍጠው የሚመቱበትና ወዲያው የሚሰወሩበት ሆነ።

በሰሜን ሸዋ ደጋዎች

ለዚህ ዓይነቱ ውጊያ የሰሜን ሸዋ መልክዓ ምድር ተስማሚ ነበር። የዛሬዋ የመርሐ ቤቴ ዋና ከተማ ዓለም ከተማ የምትገኝበት አምባ በጀማና በወንጪት ወንዞች ጥልቅ ሸለቆዎች የተከበበ ነው። ከእርሱ በስተ ምሥራቅ ቀዝቃዛው የመንዝ ደጋ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ወደ አፋር ቆላ የሚወርደው ገደል ይገኛል። ከአንዱ አምባ ወደ ሌላው ለመሻገር ወደ ሸለቆ ወርዶ እንደገና መውጣት ያስፈልጋል። አገሩን የሚያውቅ እግረኛ በሌሊት የሚያልፍበትን መንገድ መድፍና ካሚዮን የያዘ ጦር ሊከተለው አይችልም ነበር። ዋሻዎቹም ለቁስለኛ፣ ለቤተሰብና ለስንቅ መሸሸጊያ ሆነው አገልግለዋል።

አርበኞቹ ደመወዝም ሆነ መደበኛ የስንቅ አቅርቦት አልነበራቸውም። የሚበሉት ገበሬው የሚሰጣቸውን ሲሆን፣ ጠመንጃና ጥይት ከጠላት ይማርኩ ወይም ከከተማ በድብቅ ይገዙ ነበር። በአዲስ አበባ የነበሩ የውስጥ አርበኞች መረጃ፣ መድኃኒት፣ ልብስና ጥይት ይልኩላቸው ነበር፤ ከእነዚህም መካከል ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ በጣም ታዋቂዋ ናቸው። ከኢጣሊያ ጦር የሚከዱ አስካሪዎችም መሣሪያቸውን ይዘው ይቀላቀሏቸው ነበር። በሌላ በኩል ገበሬው ከሁለት ወገን ተጨንቆ ነበር፤ አርበኛን ያበላ ቤቱ ይቃጠልበታል፣ ለጣሊያን ያደረ ደግሞ ባንዳ ተብሎ በአርበኛ ይቀጣል።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በማርሻል ግራዚያኒ ላይ የቦምብ ጥቃት ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተጨፈጨፈ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተገደሉ። እነዚህ ጭፍጨፋዎች ሕዝቡን ከማስፈራት ይልቅ ብዙ ሰዎችን ወደ ጫካ ላኩ። እንደ ኃይለ ማርያም ማሞ፣ መስፍን ስለሺ፣ ተሾመ ሸንቁጥና ዘውዱ አስፋው ያሉ መሪዎች በሸዋ በየፊናቸው ይዋጉ ነበር። ኃይለ ማርያም ማሞ በ1930 ዓ.ም. በውጊያ ላይ ከወደቁ በኋላ የአበበ አረጋይ መሪነት ይበልጥ ጎልቶ ወጣ።

መልከ ጸሐይ ኢያሱና የራስነት ማዕረግ

ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ አገር በስደት በነበሩበት ጊዜ የሸዋ አርበኞች የሚሰባሰቡበት የዘውድ ምልክት ፈለጉ። ስለዚህ የልጅ ኢያሱ ልጅ የሆነውን መልከ ጸሐይ ኢያሱን አነገሡ። አበበ አረጋይ የዚህ እንቅስቃሴ ዋና ደጋፊ ነበሩ፤ ራስ መባል የጀመሩትም በዚሁ ዘመን ነው። ወጣቱ ንጉሥ ግን ብዙም ሳይቆይ በበሽታ ሞተ።

ይህ ድርጊት በኋላ ለአበበ አስቸጋሪ ሊሆን ይችል ነበር። ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን የወረዱት ተፈሪ መኰንን፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ አልጋ ወራሽ በሆኑበት ለውጥ ነው። ስለዚህ የኢያሱን ልጅ ማንገሥ በስደት ላለው ንጉሠ ነገሥት ሥልጣን ተፎካካሪ ማቆም ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግን ሲመለሱ ጉዳዩን የቂም ምክንያት አላደረጉትም፤ የራስነቱንም ማዕረግ አጸደቁላቸው።

የዘረት ዋሻ ጭፍጨፋ

በ1930 ዓ.ም. የአኦስታው መስፍን ግራዚያኒን ተክቶ የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ እንደራሴ ሆነ። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ካቫሌሮ በሰሜን ሸዋ ያሉትን አርበኞች ለመደምሰስ ተከታታይ ዘመቻ አካሄደ። አበበ አረጋይ በተደጋጋሚ ቢከበቡም ከበባውን እየሰበሩ ከመንዝ ወደ መርሐ ቤቴ፣ ከዚያም ወደ ሌሎች ወረዳዎች እየተዘዋወሩ አመለጡ።

ለዚህ ተንቀሳቃሽ ውጊያ ከባዱን ዋጋ የከፈሉት ከተዋጊው ኋላ የሚጓዙት ሰዎች ናቸው። በሚያዝያ ወር 1931 ዓ.ም. የአበበ ጦር ጓዝ የሆኑ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ከጥቂት ጠባቂዎች ጋር በመንዝ ዘረት በተባለ ስፍራ በሚገኝ ትልቅ ዋሻ ተጠለሉ። የኢጣሊያ ጦር ዋሻውን ከቦ በአርሲንና በሰናፍጭ ጋዝ አጠቃው። ከመርዙ ተርፈው እጃቸውን የሰጡ ወንዶችም በጥይት ተረሸኑ። መቶዎች ሞተዋል። ከጠባቂዎቹ መሪዎች አንዱ የነበሩት ተሾመ ሸንቁጥ ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት ጥሰው ወጥተዋል። ጉዳዩ ከስድሳ ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ የኢጣሊያው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ በመዛግብት ላይ ተመሥርቶ ባደረገው ጥናት በዓለም ዘንድ ታውቋል፤ በዋሻውም ውስጥ የሟቾች አጽም ተገኝቷል።

የእርቅ ድርድር

ከብዙ ዘመቻ በኋላ ጣሊያኖች ዘዴያቸውን ለወጡ። ጄኔራል ናሲ በማስታረቅና በማግባባት የአርበኛ መሪዎችን ለማስገባት ሞከረ። በ1932 ዓ.ም. ከአበበ አረጋይ ጋር ረጅም ድርድር ተጀመረ፤ መልእክተኞች ተመላለሱ፣ ውጊያውም ረገብ አለ። ጣሊያኖች አበበ እንደሚገቡ ተስፋ አድርገው ነበር። እርሳቸው ግን ቀጠሮውን እያራዘሙ ቆይተው በመጨረሻ ሳይገቡ ቀሩ።

ይህ ድርድር በሁለት መንገድ ይታያል። ተቺዎች ሌሎች አርበኞች እየሞቱ ባለበት ጊዜ ከጠላት ጋር መነጋገሩ የትግሉን መንፈስ ያዳከመ ነው ይላሉ። ደጋፊዎች ደግሞ ጥይቱ ያለቀበትና በዘመቻ የተዳከመ ጦር የሚያርፍበትና የሚደራጅበት ጊዜ ያገኘው በዚህ ብልሃት ነው ብለው ይከራከራሉ። የድርድሩ ፍጻሜ ግልጽ ነው። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣሊያ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ አበበ አረጋይ ከነሠራዊታቸው በጫካ ነበሩ። በስደት ላይ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት የብሪታንያን ድጋፍ አግኝተው ለመመለስ ሲዘጋጁ በዋና ከተማዋ ደጃፍ ያልተንበረከከ የኢትዮጵያ ኃይል ተገኘ።

ነጻነት

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. የብሪታንያ ጦር ከደቡብ መጥቶ አዲስ አበባን ያዘ። ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃምና በፍቼ በኩል ተጉዘው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ከተማዋን በያዘ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ አዲስ አበባ ገቡ። በእንጦጦ ላይ ራስ አበበ አረጋይ ብዙ ሺህ አርበኞቻቸውን አስከትለው ተቀበሏቸው። አርበኞቹ አብዛኞቹ ጸጉራቸውን ያሳደጉና የተማረከ መሣሪያ የታጠቁ ነበሩ። ይህ ቀን እስከ ዛሬ የአርበኞች የድል ቀን ተብሎ ይከበራል።

ገዥነት በሲዳሞና በትግራይ

ከነጻነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ አስተዳደሩን እንደ አዲስ አዋቀሩ። በ1934 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ አገሪቱ በ12 ጠቅላይ ግዛቶች ተከፈለች። ከዚያ በፊት አንድ ገዥ በግዛቱ ግብር ይሰበስብ፣ የራሱን ጦር ያኖር፣ ከሚሰበስበውም ይተዳደር ነበር። በአዲሱ ሥርዓት ገዥው ደመወዝተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ፤ ተጠሪነቱ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ሲሆን ግብሩም ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር እንዲገባ ተደረገ። ራስ አበበ ለአጭር ጊዜ ሲዳሞን ካስተዳደሩ በኋላ የጦር ሚኒስትር ሆኑ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከትግራይ ነው። በ1935 መጨረሻና በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ በደቡብና በምሥራቅ ትግራይ የቀዳማይ ወያኔ ዓመፅ ተነሣ። ለዓመፁ ምክንያት ከሆኑት መካከል የባለሥልጣናት ጉቦና የግብር ጫና፣ የማዕከላዊ መንግሥት በአካባቢው አስተዳደር ላይ ያሳደረው ቁጥጥር፣ እንዲሁም የራያና አዘቦ ሕዝብ ቀድሞ የነበረው ቅሬታ ይገኙበታል። በብላታ ኃይለ ማርያም ረዳ የተመሩት ዓመፀኞች ኩሓንና መቀሌን ያዙ።

ዓመፁን ለመግታት የዘመተውን ጦር የመሩት ራስ አበበ አረጋይ ነበሩ። ከባድ ውጊያ በአምባላጌ ተካሄደ። መንግሥት የብሪታንያን እርዳታ ጠይቆ ከኤደን የተነሡ የብሪታንያ የጦር አውሮፕላኖች በመስከረም መጨረሻ 1936 ዓ.ም. መቀሌን ደበደቡ፤ በጥቅምት መጀመሪያም ከተማዋ በመንግሥት ጦር እጅ ገባች። ከዚያ በኋላ የቅጣት እርምጃዎች ተከተሉ፤ በራያና አዘቦም መሬት ተወረሰ።

ራስ አበበ የትግራይ ገዥ ሆነው እስከ 1939 ዓ.ም. ቆዩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአውሮፕላን ቦምብ ይወርድባቸው የነበሩት አርበኛ አሁን በአውሮፕላን የተደበደበ ሕዝብ ገዥ ነበሩ። በመንግሥት ወገን ሆኖ ለሚያይ ሰው ሥራቸው ከወረራ የወጣች አገር እንዳትበታተን ማድረግ ነበር። ቅጣቱን የተቀበለው ሕዝብ ግን ዘመኑን የሚያስታውሰው በዚያ መልኩ አልነበረም። ከእርሳቸው በኋላ የትግራይ ገዥነት ለአፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ለራስ ሥዩም መንገሻ ተመለሰ።

የሚኒስትርነት ዘመን

ራስ አበበ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው እንደገና የጦር ሚኒስትር ሆኑ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የአገር ግዛት ሚኒስቴርን ያዙ። ይህ ሚኒስቴር የጠቅላይ ግዛት ገዥዎችን፣ የአውራጃና የወረዳ አስተዳዳሪዎችን እንዲሁም ፖሊስን የሚቆጣጠር በመሆኑ ከመንግሥቱ ኃይለኛ መሥሪያ ቤቶች አንዱ ነበር። ቀጥሎም የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። በዚህ ዘመን ሠራዊቱ በአሜሪካ እርዳታ እየታጠቀና እየሠለጠነ ነበር፤ በአዳዲስ የጦር ትምህርት ቤቶች የተማሩ መኰንኖችም ብቅ ብለዋል።

በኅዳር ወር 1950 ዓ.ም. ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸውን ተክተው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆኑ። የመከላከያ ሚኒስትርነቱንም እንደያዙ ቀጠሉ። ሆኖም በዚያ ዘመን የመጨረሻው ውሳኔ የንጉሠ ነገሥቱ ስለነበረ፣ የሊቀ መንበሩ ሥልጣን በዛሬው ትርጉም ከሚታወቀው የጠቅላይ ሚኒስትር ሥልጣን ያነሰ ነበር።

የታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ሙከራና ሞት

በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት ብራዚል በነበሩበት ጊዜ የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴየር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ገርማሜ በአሜሪካ የተማሩና በወላይታና በጅጅጋ አስተዳዳሪ ሆነው የሠሩ ሲሆኑ፣ በወላይታ ሳሉ ያልታረሰ መሬት ለጭሰኞች በማከፋፈላቸው ከባለ ርስቶች ጋር ተጋጭተው ነበር። የሁለቱ ሰዎች የገዥነት ልምድ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። ለራስ አበበ ገዥነት የዘውዱን ሥልጣን በየአካባቢው ማጽናት ነበር፤ ለገርማሜ ደግሞ የመሬት ሥርዓቱ ካልተለወጠ አገሪቱ እንደማትራመድ ያዩበት ሥራ ሆነ።

ሚኒስትሮችና መኳንንት እቴጌ መነን ታመዋል በሚል ሰበብ ወደ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተጠርተው ታሰሩ። ራስ አበበም ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። የምድር ጦርና አየር ኃይል ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ ሆነው በመቆየታቸው በአዲስ አበባ ውጊያ ተነሣ። ሙከራው መክሸፉ በታወቀ ጊዜ፣ አማፅያኑ ከቤተ መንግሥቱ ከመውጣታቸው በፊት በአረንጓዴው ሳሎን በታሰሩት ሰዎች ላይ ተኮሱ። አሥራ አምስት ያህል ባለሥልጣናት ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ራስ አበበ አረጋይ፣ በትግራይ የተኳቸው ራስ ሥዩም መንገሻ፣ መኰንን ሀብተ ወልድ፣ ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊና የሸዋው አርበኛ ደጃዝማች ልጥይበሉ ገብሬ ይገኙበታል። ራስ አበበ በሞቱ ጊዜ 57 ዓመታቸው ነበር። ገርማሜ ከአዲስ አበባ ከሸሹ በኋላ ሞቱ፤ ጄኔራል መንግሥቱ ደግሞ ተይዘው ለፍርድ ቀረቡና በስቅላት ተቀጡ።

በታሪክ ያላቸው ቦታ

ራስ አበበ አረጋይ በመጀመሪያ የሚታወሱት በአርበኝነታቸው ነው። ከአዲስ አበባ በቅርብ ርቀት ላይ አምስት ዓመት ሳይያዙና ሳይገቡ መቆየታቸው፣ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ይዣለሁ ስትል በዋና ከተማዋ ዙሪያ እንኳ ሙሉ በሙሉ እንዳልገዛች ያሳያል። ይህም የመሪው ብልሃት ብቻ ውጤት አልነበረም። የመንዝና የመርሐ ቤቴ ገበሬ ስንቁን አካፍሏል፣ የከተማ የውስጥ አርበኞች ሕይወታቸውን አስይዘው ጥይት ልከዋል፣ በዘረት ዋሻ ያለቁትም የተዋጊዎቹ ቤተሰቦች ነበሩ።

ሁለተኛው የሕይወታቸው ክፍል ግን ከአርበኝነታቸው ያነሰ ይነገራል። በገዥነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉት መንግሥት ሥልጣንን ወደ ማዕከል ሰብስቦ ለገበሬው ቅሬታ በጦር የመለሰበት ጊዜ ነበር፤ ራስ አበበም የዚያ ፖሊሲ አስፈጻሚ ነበሩ። ሕይወታቸው ያለፈበት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ ሆኗል። ሙከራው ከከሸፈ በኋላ በነበሩት ዓመታት መሬት ለአራሹ የሚለው የተማሪዎች ጥያቄ ከተሰማባቸው ዋና ስፍራዎች አንዱም ይኸው ግቢ ነው።